የአጥንት ሲሚንቶ ቀላቃይዋ

ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሲፈልጓት «ሲሚንቶ የታለች?» ይላሉ። የአጥንት ሐኪሞቹ ያወጡላት ስም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቅር ብሏት ነበር፤ ኋላ ለመደችው። እንዲያውም አዲስ ነርስ በመጣች ቁጥር ቀድማ እጇን ትዘረጋና «ሲሚንቶ እባላለሁ፤ አትፍሪኝ፣ ቶሎ አልደርቅም» ትላት ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ያንኑ ነው። ያለቀ ጉልበት ወይም የተሰበረ ዳሌ ወጥቶ በብረት ሲተካ፣ ብረቱን ከአጥንቱ ጋር የሚያጣብቀውን ሲሚንቶ የምታዘጋጀው እሷ ነበረች። ነጭ ዱቄት በከረጢት ይመጣል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ደግሞ በብልቃጥ። ሁለቱ ሲገናኙ መጀመሪያ ወፍራም ወተት ይመስላሉ፣ ቀጥሎ ሊጥ፣ በመጨረሻ ድንጋይ። ይህ ሁሉ ከአሥር፣ ቢበዛ ከአሥራ አምስት ደቂቃ አያልፍም። ክፍሉ ከሞቀ ቶሎ ይጠነክራል፣ ከቀዘቀዘ ይለግማል። ስለዚህ ጠዋት ስትገባ ከሰው ሰላምታ በፊት ዓይኗ የሚሄደው ግድግዳው ላይ ወዳለው የሙቀት መለኪያ ነው። ፈሳሹ ጓንት አልፎ ቆዳ ስለሚነካ ሁለት ጓንት ትደርባለች። እንፋሎቱ በክፍሉ እንዳይናኝ አየሩ ወደ ውጭ በሚሳብ ክዳናማ ሳህን ውስጥ ታማስላለች። ያረገዘች ነርስ ካለች ደግሞ «አንቺ ውጪና ሻይሽን ጠጪ፣ ይሄ ሽታ ላንቺ አይሆንም» ብላ ታስወጣታለች።

ሥራውን ያስተማሯት አንድ ሽማግሌ የአጥንት ሐኪም ነበሩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቁጣቸው ግን አጥንት የሚሰብር ሰው። መጀመሪያ ቀን እንዲህ ብለዋታል፦ «ይሄ ነገር አንዴ ከተቀላቀለ ሰው አይጠብቅም። ስለዚህ ሳትቀላቅይው በፊት አንቺ ሰው ጠብቂ።» ምክንያቱንም አስረድተዋታል። ሲሚንቶው የጭን አጥንት ውስጥ በኃይል ሲገፋ፣ በውስጡ ያለውን ስብና መቅኔ ወደ ደም ሥር ሊገፋው ይችላል። ያ ነገር ሳንባና ልብ ጋ ይደርሳል። ወጣት ቢሆን ይቋቋመዋል፤ የሽማግሌ ልብ ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ሊል ይችላል። ስለዚህ የአጥንቱ ቀዳዳ በደንብ ታጥቦ፣ መቅኔው ተጠርጎ መድረቅ አለበት። የማደንዘዣ ሐኪሙም በሽተኛው ራስጌ ቆሞ፣ ኦክስጅኑን ጨምሮ፣ የደም ግፊት የሚያነሳውን መድኃኒት በመርፌ ስቦ መጠበቅ አለበት።

እሷም ብልቃጡን ከመስበሯ በፊት «ሲሚንቶ ልቀላቅል ነው!» ብላ ትጣራለች። «ዝግጁ ነኝ» የሚል መልስ ካልሰማች ብልቃጡን አትነካም። ሊገባ ሲልም ትደግመዋለች።

ሽማግሌው ጡረታ ወጡና ሌላ ሐኪም መጣ። አርባ ዓመት የሞላው፣ ፈጣን፣ ስሙ ከሩቅ የሚሰማ። እጁ ወርቅ ነበር፤ ይህን እሷም አትክድም። ሌላው ሁለት ሰዓት የሚፈጅበትን እሱ በሃምሳ ደቂቃ ሰፍቶ ጓንቱን ያወልቃል። ኮሪደሩ ላይ ከየቦታው በመኪና ተጭነው የመጡ በሽተኞች እሱን ብለው ይጠብቁት ነበር። የእሷን ጥሪ ግን አልወደደውም።

«ሲስተር፣ ገበያ ነው እንዴ የቆምነው? ምን ያስጮህሻል?» አላት አንድ ቀን፣ ሁሉም እየሰማ። ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች እንጂ ጥሪውን አልተወችም።

ቤቷ ከሆስፒታሉ ብዙ አይርቅም፤ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ማብሰያ ቤት። ባል አግብታ ነበር፣ አልሆነም፤ ልጅ የላትም። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ በእግር የሚረገጥ መኪና ላይ ተቀምጠው የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖረው፣ ልጃቸውን ነርስ ያደረጉት በዚያች መኪና ነው። አሁን የቀኝ ዳሌያቸው አልቋል። ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት ግድግዳ ይዘው ሲሄዱ እያንዳንዱ እርምጃ ፊታቸው ላይ ይታያል። አራት ዓመት ተራ ጠብቀዋል።

«የሰውን ሁሉ ዳሌ ስትጠግኚ ውለሽ ትመጫለሽ፤ የእኔ ምን አደረገሽ?» ይሏታል። ቀልድ ነው፤ ግን ግማሹ ቀልድ አይደለም።

በመጨረሻ ተራው ደረሰ። ሐኪሙ ራሱ ራጁን አይቶ «የሲሚንቶ እናት አይደሉ? እኔ ነኝ የምሠራቸው» ብሎ ቀን ቆረጠላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ። እናቷ ያን ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ነገሩ። አዲስ የሌሊት ልብስ በእጃቸው ሰፉ፤ «ሐኪም ፊት ቡትቶ ለብሼ አልተኛም» ብለው።

ነገሩ የተፈጠረው በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው።

በሽተኛው ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው አዛውንት ነበሩ። ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ልባቸውም ደካማ መሆኑ ካርዳቸው ላይ በቀይ ተጽፎ ነው የመጡት። ግንበኛ ነበሩ። የደነዘዙት ከወገባቸው በታች ብቻ ስለሆነ ከመጋረጃው ወዲያ ነቅተው ያወራሉ።

«ልጄ፣ በሲሚንቶ ነው አሉ የምትጠግኑኝ፤ እውነት ነው?» አሏት ዕቃዋን ስትደረድር።

«እውነት ነው፣ አባባ።»

«አደራ፣ አሸዋ እንዳታበዢብኝ።»

ሳቀች። «የእኛ አሸዋ የለውም፣ አባባ።»

«ውኃስ? ውኃ የበዛበት ሲሚንቶ ዋጋ የለውም። እኔ ሲሚንቶ ከማስያዜ በፊት ብሎኬቱን በውኃ አርሼ ነው።»

«የእኛ ደግሞ አጥንቱ መድረቅ አለበት።»

«ተገላቢጦሽ ነዋ!» አሉ ሽማግሌው፣ በጣም ተገርመው። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስንት ቤት ገነባሁ፤ ይሄን ሳልሰማ ልሞት ነበር።»

ሐኪሙ ገብቶ ሥራው ተጀመረ። መዶሻው ሲያርፍ ሽማግሌው ከመጋረጃው ወዲያ «ይሄስ አናጢ ነው፣ ግንበኛ እንዲህ አይመታም» አሉ፤ ሐኪሙም ሳይቀር ፈገግ አለ። ያን ቀን ሦስተኛ በሽተኛው ነበር። አራተኛው ኮሪደር ላይ ተኝቷል።

የማደንዘዣ ሐኪሙ ሁለት ክፍል ነበር የያዘው። ከወዲያኛው ክፍል ጠሩት። «መጣሁ፣ ሁለት ደቂቃ» ብሎ ወጣ። ልክ በዚያ ሰዓት የአጥንት ሐኪሙ ቀዳዳውን አንዴ በመርፌ ውኃ አጥቦ «ሲሚንቶ» አለ።

«ሲሚንቶ ልቀላቅል ነው!» ብላ ተጣራች። ራስጌው ባዶ ነው። የሚመልስላት የልብ መቁጠሪያው ድምፅ ብቻ ነበር።

«ዶክተር፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ የለም።»

«ይመጣል። ቀላቅይ።»

እሷ እጇን ታጥባ ከጀርም የጸዳ ልብስ የለበሰች ስለሆነች ከጠረጴዛው መራቅ አትችልም። ዕቃ የምታቀብለውን ነርስ በዓይኗ ጠቀሰቻት፤ ልጅቷ ሮጣ ሄዳ ተመለሰች። «እየመጣ ነው ብሏል።»

«ይኸው፣ እየመጣ ነው አለች» አለ ሐኪሙ። «ደሙ እየሞላብኝ ነው። ቀላቅይ፣ ሲስተር። ስንት ጊዜ ልናገር?»

ብልቃጡን ሰበረች። ፈሳሹን ዱቄቱ ላይ አፈሰሰች። ማማሰል ጀመረች።

ሦስት ደቂቃ። ሦስት ተኩል። ከሳህኑ ትንሽ ቆንጥራ በጣቶቿ መሀል አድቦለቦለች፤ ጓንቷ ላይ መጣበቁን ትቷል። የቀረውን ወደ አጥንቱ በሚገፋው ትልቅ መርፌ፣ በመግፊያው ውስጥ ሞላችው፤ ሊገባ የሚገባው አሁን ነው። ቀና ብላ አየች። ራስጌው አሁንም ባዶ ነው።

«አልመጣም፣ ዶክተር። ይሄን ልጣለውና ሌላ እንቀላቅል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሁለት አለ።»

ሐኪሙ ቀና ሳይል እጁን ብቻ ዘረጋ።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰበች በደንብ ታውቀዋለች። ለማንም ነግራው አታውቅም፣ ግን ታውቀዋለች። መግፊያውን መሬት ላይ ብትለቀው ሲሚንቶው ይበላሻል፣ አምስት ደቂቃ ይባክናል፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ ይደርሳል። ሐኪሙ ይቆጣል፣ ምናልባት ያባርራታል። ይህ ሁሉ በጭንቅላቷ አለፈ። ከኋላው ደግሞ ማክሰኞ መጣ፤ የእናቷ ማክሰኞ፣ የእናቷ አዲስ የሌሊት ልብስ። እጇ ተዘረጋ። መግፊያውን አቀበለችው።

ሐኪሙ ሲሚንቶውን ሞላ፣ በአውራ ጣቱ አጥብቆ ገፋው፣ ብረቱን አስገባ። ሠላሳ ሰከንድ ያህል ምንም አልሆነም።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው ከመጋረጃው ወዲያ። «መስኮት ክፈቱልኝ። አየር አጠረኝ።»

ክፍሉ መስኮት የለውም።

«አባባ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ» አለች፤ ድምፅዋ ግን የራሷ አልመሰላትም። «ግፊቱን እዩ! ሰው ጥሩ!» ዕቃ አቀባይዋ ወደ በሩ ሮጠች። መሣሪያው መጮህ ጀመረ። ሽማግሌው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቃሉ አልተለየም። የማደንዘዣ ሐኪሙ ጓንቱን እየሳበ ሲገባ ልባቸው ቆሟል።

አርባ ደቂቃ ደረታቸውን ተጫኑ። በመሀል እሷ ቀኝ እጇ እየተቃጠለ መሆኑ ተሰማት። ቅድም የቆነጠረችውን ሲሚንቶ ሳታውቀው ጨብጣው ኖራለች፤ ሲጠነክር እሳት ይሆናል። ጣቷን ስትከፍት እንደ ጠጠር ደርቆ ወደቀ። ሁሉም ነገር በትክክል ተሠርቷል፤ ብረቱ ቦታው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንደዚያ ያማረ ሥራ ብዙ አላየችም።

በሦስተኛው ቀን የሟች ልጅ ማብራሪያ በመጠየቁ ኮሚቴ ተቋቋመ። ቅጽ ተበተነ። የእሷ ላይ ከሌላው ሁሉ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር በታይፕ ተጽፎ ነበር፦ «ሲሚንቶው ከመቀላቀሉ በፊት ጥሪ ተደርጎ ከማደንዘዣ ሐኪሙ ምላሽ ተሰጥቷል።» ከሥሩ መስመር፤ የፊርማ ቦታ።

ሐኪሙ ቢሮው አስጠራት። ወንበር ሰጣት፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«ሲስተር፣ ልባቸው ደካማ ነበር። መልስ ኖረ አልኖረ ያው ነበር የሚሆነው። ታውቂዋለሽ።»

«ላይሆን ይችል ነበር፣ ዶክተር።»

ወረቀቶቹን ሲያስተካክል ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ በጣም በደግ ድምፅ «እናትሽ እንዴት ናቸው? ማክሰኞ አይደል ተራቸው?» አላት።

ማስፈራራት ነው እንዳትል፣ ሰውየው የጠየቀው ደህንነት ነው። ደህንነት ነው እንዳትል፣ ቀኑን የሚቆርጠው እሱ ነው። ወጣች። ቅጹን ሁለት ቀን በቦርሳዋ ይዛው ዞረች። ሥራ ቦታ የጠየቀችው ሁሉ «ፈርሚና ተገላገይ» ነው ያላት። የማደንዘዣ ሐኪሙ ፈርሟል። ዕቃ አቀባይዋም ፈርማለች፤ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ማን ይፈርድባታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቁጭ ብላ፣ በታይፕ የተጻፈውን በእስክሪብቶ ሰረዘችው። ከጎኑ በእጇ ጻፈች፦ «ተጣራሁ። ማንም አልመለሰልኝም። መልስ ሳላገኝ ቀላቀልኩ። ሌላ ልቀላቅል ብዬ ጠየቅሁ። እጁን ሲዘረጋ ሰጠሁት። መስጠት አልነበረብኝም።» ፈረመች።

ኮሚቴው ውሳኔውን ያነበበው በወሩ ነው። ሞቱ የበሽተኛው ዕድሜና የልብ ድካም ውጤት ነው ተባለ። በሁለቱም ሐኪሞች ወረቀት ላይ ጥፋት አልተገኘም። ጥፋት የተገኘው በአንድ ሰው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። «ነርሷ መልስ ሳታገኝ ሲሚንቶ መቀላቀሏን በራሷ የእጅ ጽሑፍ አምናለች» የሚለውን ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ መጀመሪያ ሲያነቡት ለራሳቸውም አልጣማቸውም መሰል። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ከኦፕራሲዮን ክፍል ተነስታ ምድር ቤት ወዳለው የዕቃ ማምከኛ ተዛወረች።

ማክሰኞው ከዚህ ሁሉ በፊት አልፎ ነበር። ቅጹን ባስገባች ማግሥት ከፕሮግራም ክፍል ተደውሎ «የእናትሽ ቀን ተሸጋግሯል» ተባለች። ወደ መቼ? «እናሳውቅሻለን።» ሁለት ወር ቆይታ ራሷ ብትሄድ፣ ጸሐፊዋ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችበትና «ስማቸው የለም፤ እንደገና ይመዝገቡ» አለቻት። እንደገና መመዝገብ ማለት እንደገና አራት ዓመት ነው። እናቷ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው።

በዚያው ሰሞን ወደ ሟቹ ግንበኛ ቤት ሄደች። ሽማግሌው በእጃቸው የሠሩት የድንጋይ ቤት ነው፤ ማዕዘኑ በመስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። በሩን የከፈተላት ልጃቸው ነበር፣ በእሷ ዕድሜ የሚሆን የጋራዥ ሠራተኛ፣ ዘይት የነካው እጁን ጨርቅ ላይ እየጠረገ። ማን እንደሆነች ነገረችው። የሆነውንም ነገረችው፤ የማክሰኞዋን ነገር ብቻ አስቀርታ። ሰውየው ሳያቋርጣት ሰማ።

«ይሄንን ፍርድ ቤት መጥተው ይናገራሉ?» አለ ስትጨርስ።

«እናገራለሁ።»

«ጠበቃ አነጋግሬ ነበር። ወረቀቱ ሁሉ እርስዎን ነው የሚያሳየው አለኝ። ብከስ የምከሰው እርስዎን ነው።» እጁን እንደገና ጨርቁ ላይ ጠረገ። «አባቴ ቀልድ ይወዱ ነበር። እዚያ ገብተው ቀልደው ነበር?»

«ቀልደዋል። አስቀውናል።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እንግዲህ ይሂዱ» አለ። «ይሄን ሊነግሩን የመጡት ለእኛ ይሁን ለራስዎ አላውቅም። ቢሆንም ለእናቴ አይድገሙት። እሷ በዕድሜው ነው የሞተው ብላ ተጽናንታለች።» በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ቢያስጮኸው በወደደች።

ለእናቷ እውነቱን የነገረቻቸው ስማቸው ከመዝገብ መጥፋቱን ባወቀች ዕለት ነው። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሰሙ። «ደግ አደረግሽ» አሉ መጀመሪያ። «ሰው ሞቶ ውሸት አይፈረምም።» ግንባሯን ሳሟት። ያን ቀን ልቧ ጥቂት አረፈ።

ግን ሕመም ቀን በቀን ነው። ክረምቱ መጣ፣ ዳሌያቸው ባሰበት። ግድግዳ ይዞ መሄድም ቀረ። አንድ ቀን ከአልጋ ወደ ወንበር ስታሻግራቸው አንዳች ነገር ቋ አለና ጮኹ። ላብ አጠመቃቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «አንዲት ፊርማ ነበረች» አሉ። «ሰውየው እንደሆነ አይመለስ። አንዲት ፊርማ።»

እሷ ብርድ ልብሱን እያስተካከለች ነበር። ምላሷ ላይ የመጣው ሌላ ነው። ሰውየው የሞቱት በአንቺ ማክሰኞ ነው፣ እማ፤ እጄን የዘረጋሁት ለአንቺ ነው ልትላቸው አፏ ተከፍቶ ነበር። ዋጠችው። «ትክክል ነሽ» አለች።

ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል አፈላልጋ ወረቀት አስገባች። ከዓመት በላይ ጠብቀው ተጠሩ። በአምቡላንስ ጀርባ ሦስት ሰዓት ተጉዘው፣ እናቷ ያን የሌሊት ልብስ ለብሰው ሄዱ። ደም ተቀዳ፣ ልብ ታየ፣ ሳንባ ታየ። ገና ከትምህርት ቤት የወጣች የምትመስል ሐኪም ኮሪደሩ ላይ ለብቻዋ ጠራቻት። «በመተኛት ብዛት ልባቸው ደክሟል። አሁን ኦፕራሲዮኑን አይችሉትም። ከዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ...» ብላ አቆመች። እሷ ራሷም ይህንኑ ለስንቱ ቤተሰብ ተናግራ ታውቃለች። ልጅቷ ሐኪም በደንብ አድርጋ ነው የነገረቻት፤ አመሰገነቻት።

ለእናቷ «አልጋ ስለሌለ ይደውሉልናል ብለዋል» አለቻቸው። መንገዱን ሙሉ እጃቸውን ይዛ ተመለሰች።

አሁን ምድር ቤት ነው የምትውለው። ከላይ በደም ተነክረው የሚወርዱትን መቀሶችና መዶሻዎች ታጥባለች፣ ቆጥራ በጨርቅ ትጠቀልላለች፣ ምድጃው ውስጥ ከትታ ታመክናለች። የሲሚንቶው መግፊያ ሲመጣ ጫፉ ላይ የደረቀውን ቅሪት ፍቃ ለማውጣት ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ይወስድባታል። «ሲሚንቶ» የሚላት የለም፤ እዚህ በስሟ ነው የሚጠሯት። ሐኪሙ ያለፈው ዓመት የክፍሉ ኃላፊ ሆኗል። ከላይ የመጣች ነርስ እንደነገረቻት፣ አሁን ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የማደንዘዣ ሐኪሙ ቃሉን ሳይሰጥ ማንም ብልቃጥ እንዳይሰብር የሚያዝ። ከሥሩ ያለው የእሱ ፊርማ ነው። ሰዉም ይከተለዋል። ከዚያ ወዲህ በሲሚንቶ የሞተ የለም።

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ የጫማዋን ኮቴ ያውቁታል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ድምፃቸው ከውስጥ ይመጣል።

«ደወሉ?»

«ገና ነው፣ እማ» ትላለች፤ እጇን ልትታጠብ ትሄዳለች።